ዓይናቸውን በፈንጣጣ ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶላን

በነቀምቴ ገበያ ወይም በጊምቢ አውቶቡስ ተራ የምታልፉ ጓደኞቼ፣ በዕድሜ የገፉትን ሰዎች ፊት አስተውላችሁ ብትመለከቱ፣ የአንዳንዶቹ ጉንጭና ግንባር በጥቃቅን ጠባሳ የተበሳሳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኛ ተማሪዎች ይህ ጠባሳ ከምን እንደመጣ አናውቅም፤ ከወላጆቻችንም ብዙዎቹ የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው። ጠባሳው የፈንጣጣ ነው። ይህ በሽታ በአንድ ዘመን ባለጸጋና ድኻ ሳይለይ በየቤቱ እየገባ ሕፃናትን ይጨርስ ነበር፤ ዛሬ ግን በዓለም ላይ አንድ በሽተኛ እንኳ የለውም።

ፈንጣጣ ምን ዓይነት ጠላት እንደነበረ፣ ሰውም እንዴት እንዳሸነፈው ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከዚሁ ከወለጋ የበቀሉትን የአንድ ሰው ሕይወት መመልከት ይበቃል። እኒህም ሰው ቄስ ጊዳዳ ሶላን ናቸው። ታሪካቸውን ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥሁት፣ በዘመናችን ላለ ለሌላ በሽታ ትልቅ ትምህርት ስለሚሰጠን ነው። ያንንም በመጨረሻ እገልጻለሁ።

ጊዳዳ የተወለደው በ1893 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ቄለም ወለጋ በሚባለው አገር፣ በደምቢ ዶሎ አካባቢ ነው። አገሩ የሰዮ ኦሮሞ አገር ሲሆን ደጋው ለምለም፣ ቡናው የታወቀ፣ ከብቱም ብዙ ነው። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሰዮ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ስላልነበረ ተጓዡ በበቅሎና በእግሩ ብዙ ሳምንት ይጓዝ ነበር። ነጋዴዎች ቡናቸውን ጭነው ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ዕቃው በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄዳል። የሰዮ ሰው ከአገሩ ዋና ከተማ ይልቅ ለሱዳን ድንበር የቀረበ ነበረ።

ሕፃኑ ጊዳዳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ፈንጣጣ አገሩን ወረረ። ፈንጣጣ በትንፋሽና በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ነበር። አስቀድሞ ብርቱ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያስይዛል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ፊትን፣ ክንድንና እግርን በመግል የተሞላ ቁስል ይሸፍነዋል። ክፉው ዓይነት ከያዛቸው ከአሥር ሰዎች መካከል ሦስት ያህሉ ይሞቱ ነበር። የተረፉትም ቢሆኑ ጠባሳውን እስከ መቃብር ይዘውት ይኖራሉ፤ ቁስሉ ዓይናቸው ላይ የወጣባቸው ደግሞ ብርሃናቸውን ያጣሉ። መድኃኒት አልነበረውም። የጊዳዳ ዕጣ ይህ የመጨረሻው ሆነ። ከሞት ተርፎ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

ይህ በሆነበት ጊዜ ፈንጣጣን መከላከያው ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ኤድዋርድ ጄነር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የላም ፈንጣጣ የተከተበ ሰው በሰው ፈንጣጣ እንደማይያዝ ያሳየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1796 ነው። ይኸውም ጊዳዳ ከመታወሩ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በአገራችንም ከጥንት ጀምሮ ከበሽተኛ ቁስል ጥቂት ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በመጫር ማስገባት የታወቀ ልማድ ነበር፤ ይህ ግን አንዳንድ ጊዜ ያድናል፣ አንዳንድ ጊዜም በሽታውን ያዛምታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የጄነር ክትባት ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ ለሰዮው ሕፃን በጊዜው አልደረሰለትም። ስለዚህ የጊዳዳን ዓይን ያጠፋው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱ በዓለም ላይ ሳለ እርሱ ዘንድ አለመድረሱ ጭምር ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልኝ።

በዚያ ዘመን ዓይነ ስውር ልጅ ለምን ይሆናል ተብሎ ይታሰብ ነበር? ከብት አይጠብቅም፣ አያርስም፣ ለጦርነትም አይጠራም። መታወሩን እንደ እርግማን የሚቆጥሩ ነበሩ። ስለዚህ ከእኩዮቹ ተለይቶ በልመና ይኖር ጀመር። ሆኖም ዓይኑን ያጣ ሰው ጆሮው ይበረታል እንዲሉ፣ ጊዳዳ የሰማውን የማይረሳ፣ ሰውን በድምፁ የሚለይ ልጅ ሆኖ አደገ። ያን ጊዜ ግን ይህን ስጦታውን ያስተዋለለት ሰው ምን ያህል ነበር?

ጊዳዳ ጎልማሳ ለመሆን ሲቃረብ በሰዮ ላይ ሁለተኛ መቅሠፍት መጣ። ይኸውም በ1911 ዓ.ም. አባቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ነው። ይህ በሽታ በመላው ኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ሰዮም አልቀረላትም። የሰዮ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ሕዝባቸው ያለ ሐኪም ሲያልቅ አይተው በሱዳን የነበረ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ሐኪሙም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከነቤተ ሰቡ በባሮ ወንዝ ወጥቶ፣ ከጋምቤላ ዳገቱን ተሻግሮ ሰዮ ገባ። በዚህ ዓይነት በደምቢ ዶሎ የሕክምናና የትምህርት ሥራ ተጀመረ። ዶክተር ላምቢ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጉለሌ ሆስፒታል ያሠራ ሰው ነው።

ዓይነ ስውሩ ወጣት ጊዳዳ ከዚህ የሚሲዮን ሥፍራ ጋር ተዋወቀ። የጠፋ ዓይን የሚያበራ መድኃኒት በዚያም አልተገኘለትም። ነገር ግን ዓይኑን ከማጣቱ ጀምሮ ያላገኘውን ሌላ ነገር አገኘ፤ ይኸውም ትምህርት ነው። ሌሎች ሲያነቡ እየሰማ ቃሉን በልቡ ይይዝ ጀመር። ትናንት በመንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ የነበረ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሌሎች የሚያስተምር ሆነ። ሰዎች ለልመና ብቻ የተፈጠረ ያሉት ሰው አስተማሪ ለመሆን ይችል ኖሯል። የጎደለው ዓይን ብቻ ነበር፤ አእምሮውንና ልቡን ግን ፈንጣጣ አልነካበትም።

ከዚህ በኋላ የጣልያን ወረራ መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ትምህርቱንና የጸሎት ማኅበሩን የሚመራ የውጭ ሰው ጠፋ። ብዙዎች ሥራው በዚያው ይፈርሳል ብለው አስበው ይሆናል። ሥራው ግን አልፈረሰም። ጊዳዳ ሶላንና የሥራ ባልደረባቸው ማሞ ጮርቃ ኃላፊነቱን ተሸክመው ምእመናኑን ሰብስበው አቆዩ። በዚያ አስጨናቂ ዘመን መንገድ ለመሄድ እንኳ የሰው እጅ የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ ለሌላው መንገድ መሪ ሆኑ።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. አካባቢ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ቤቴል ራስዋን ችላ ስትቋቋም፣ ቄስ ጊዳዳ ከመሥራቾቿና ከታወቁት አገልጋዮቿ አንዱ ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1966 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ቄስ ጊዳዳ ከሰዮ ውጭም በሩቅ አውራጃ እየተዘዋወሩ አስተምረዋል፤ ትምህርትም እንዲስፋፋ ደክመዋል። የሕይወታቸውን ታሪክ ራሳቸው በቃል ተርከው፣ ሌሎች ጽፈውላቸው በእንግሊዝኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ታትሟል። የመጽሐፉም ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከጨለማው ወዲያ ማዶ እንደ ማለት ነው።

ቄስ ጊዳዳ ትዳር መሥርተው ልጆች አፍርተዋል። በ1935 ዓ.ም. ገደማ በደምቢ ዶሎ ከተወለዱት ልጆቻቸው አንዱ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። ዶክተር ነጋሶ የታሪክ ምሁር ሆነው የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚያው በሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ላይ በጀርመን አገር አቅርበዋል፤ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስም የኢትዮጵያ ርእሰ ብሔር ነበሩ። ፊደል በዓይናቸው ለማየት ያልታደሉ አባት፣ የአገራቸውን ታሪክ የጻፈ ልጅ አሳደጉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፈንጣጣው ልመለስ። ቄስ ጊዳዳ በሸመገሉበት ጊዜ፣ በ1963 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በኢትዮጵያ ፈንጣጣን ፈጽሞ የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የተመዘገበው በሽተኛ ከ26,000 በላይ ነበር። የክትባት ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ፣ ገደል በበዛበትም ሥፍራ በሄሊኮፕተር ይጓዙ ነበር። መርፌያቸው ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መርፌ ነበር። የበሽተኛ ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እየቆሙ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያየ አለ ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። አለ የተባለበትን መንደር ፈልገው በሽተኛውን ከሌላው ይለዩታል፤ በዙሪያው ያለውንም ሰው ሁሉ ይከትባሉ። ዘመቻው የተሳካው በመርፌው ብቻ አይደለም። ያየውን የሚናገር ሰው፣ ከእነዚህም መካከል እንደ እኛ ያለ ተማሪ ስለነበረ ነው። ሕዝቡ በሽተኛውን ቢደብቅ ኖሮ መርፌው ብቻውን ምንም አይሠራም ነበር።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በኦጋዴን በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሊያ በተፈጥሮ የተያዘ የመጨረሻው ሰው ተገኘ፤ ከዚያም ወዲህ በሽታው በየትም አገር በሕዝብ መካከል አልተዛመተም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ቄስ ጊዳዳም ያረፉት በዚሁ ጊዜ፣ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሕፃንነታቸው ብርሃናቸውን የነጠቃቸው ጠላት ከአገራቸው ሲወጣ፣ እርሳቸውም ሥራቸውን ፈጽመው ዐረፉ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን አንዱ በሽታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ገባ። በ1976 ዓ.ም. በአገራችን በተወሰደ ደም ውስጥ ኤች አይ ቪ መኖሩ ታወቀ፤ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ተገኙ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ያስታውሳሉ። በየሳምንቱ ቀብር የሚኬድበት፣ ወጣት የሚቀበርበት፣ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ እንደገና ወላጅ የሆኑበት ዘመን ነበር። የሟቹም በሽታ በስሙ አይጠራም፤ በሹክሹክታ ብቻ ይወራ ነበር።

እኛ ግን ያን ዘመን አላየንም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሞቱ እየቀነሰ፣ ሕሙማንም እየሠሩና እየተማሩ መኖር ቻሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከእርሱ ጋር ስሕተት መጣ። ስለ ፈንጣጣ ምንም ባናውቅ አይጎዳንም፤ ጠፍቷልና። ስለ ኤች አይ ቪ ግን ሳይጠፋ ረሳነው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሰዎች መካከል ከመቶ 0.9 ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በገጠር ከመቶ 0.4 ሲሆን በከተማ ከመቶ 2.9 ነበር። ይህ ማለት ከተማው ከገጠሩ በሰባት እጥፍ ይበልጣል። ከገጠር መጥተው በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞቻችን ይህን ቁጥር ደጋግመው ያንብቡት።

በፈንጣጣና በኤች አይ ቪ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ለፈንጣጣ ክትባት ነበረው፤ ለኤች አይ ቪ ግን እስከ ዛሬ ክትባት አልተገኘለትም። ፈንጣጣ በፊት ላይ ይታያል፤ ኤች አይ ቪ ግን ለብዙ ዓመት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። ስለዚህ ሰውን በመልኩና በውፍረቱ አይቶ ጤነኛ ነው ማለት ከንቱ ነው፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

መንገዱ ግን የታወቀ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ደም በነካው መርፌና ስለት፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ነው። በመጨባበጥ፣ ከአንድ ገበታ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በአንድ ዴስክ በመቀመጥ ወይም በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም። ለእኛ ለተማሪዎች የመጀመሪያው መከላከያ ጊዜው እስኪደርስ መታቀብ ነው። ከዚያም ለአንድ መጽናትና አስቀድሞ አብሮ መመርመር ይከተላል። ይህን ያልቻለ ሰው ኮንዶም ሁልጊዜ በትክክል መጠቀም አለበት። ተደፍራ ወይም በሌላ ምክንያት ለቫይረሱ የተጋለጠች ልጅ፣ ወንድም ቢሆን፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የሚያሳፍረው ነገር መዘግየት እንጂ መናገር አይደለም።

በተለይ ለሴት ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ኪራይና የደብተር መግዣ እሰጣለሁ ብሎ የሚቀርብ በዕድሜው የገፋ ሰው፣ የሚጠይቀው ዋጋ ከሚሰጠው ገንዘብ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ለታመነች መምህርት ወይም ለወላጅ መንገር ነውር አይደለም። ወንዶችም ብንሆን የሴት ጓደኞቻችንን እንቢታ ማክበር የጨዋ ልጅ ምልክት መሆኑን እንወቅ።

ቫይረሱ በደማቸው ስለሚገኝ ወገኖቻችንም የቄስ ጊዳዳ ሕይወት የሚያስተምረን አለ። ሰዎች ያን ዕውር ሕፃን አይተው ከእንግዲህ ለምንም አይጠቅምም ብለው ነበር። ተሳስተዋል። ዛሬም በክፍላችን ውስጥ ከመወለዱ ጀምሮ ቫይረሱ ያለበት፣ በየቀኑ መድኃኒቱን በስውር የሚውጥ ልጅ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ቫይረሱን አያስተላልፍም። መድኃኒቷን የምትወስድ እናት ጤነኛ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። መድኃኒቱን በስውር እንዲውጥ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ እንዲተው የሚያደርገው የእኛ ሹክሹክታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ምሳሌ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው እንዲደብቅ የሚያስገድደው ሌላው ሰው ደግሞ ከበሽታው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው።

ክቡራን ወላጆቻችን፣ በዚህ ነገር ከእኛ ጋር መነጋገር የሚያሳፍር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ ያልሰማነውን ከመንገድ እንሰማዋለን፤ የመንገድ ወሬ ደግሞ ግማሹ ውሸት ነው። ክቡራን መምህራን፣ የፀረ ኤድስ ክበባችን በዓመት አንድ ቀን፣ በኅዳር መጨረሻ ብቻ ሻማ የሚያበራ እንዳይሆን እርዱን።

ሕፃኑ ጊዳዳ ዓይኑን ባጣ ጊዜ የሚያድነው ዕውቀት በሩቅ አገር ነበር፤ ወደ ሰዮ የሚያመጣለት ሰው አላገኘም። እርሱን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ለእኛ ግን ዕውቀቱ በመጽሐፋችን ውስጥ፣ ምርመራው በከተማችን ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒቱም በነፃ ደርሶልናል። ይህ ሁሉ በእጃችን ሳለ ብንጠፋ ግን ምክንያታችን ምን ሊሆን ነው? ቄስ ጊዳዳ ዓይን ሳይኖራቸው አይተው ኖሩ። እኛም ዓይን ሳለን እንዳንታወር ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር ዛሬውኑ በሥራ እናውለው።